ግሸን፦ በወሬ ያበበው አምባና ውርጭ የለመደው ደጋ

በአምባሰል የሚገኘው ግሸን ዙሪያውን ገደል የከበበው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ አምባ ነው። የግራኝ አሕመድ ጦር በ1540 እ.ኤ.አ. እስኪይዘው ድረስ የነገሥታት ልጆች ለዙፋን እንዳይሻሙ ተግዘው የሚጠበቁት እዚያ ነበር።

ይህ ምስጢራዊ እስር ቤት ባሕር ማዶ ሲወራ ገነት ሆነ። ኢትዮጵያን ያላየው ስፔናዊ መነኩሴ ሉዊስ ደ ኡሬታ በ1610 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አምባውን በአጸድና በቤተ መንግሥት አስጌጠው። ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ኡሬታን ለማስተባበል ወፍራም መጽሐፍ ቢጽፍም፣ ሥራው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሳይታተም ቆየ። ወሬው ግን ማንም አልያዘውም፤ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. አምባውን ከገነት ጋር አነጻጽሮ አነሣው።

እውነተኛው ደጋ እንዲህ አይመችም። በበጋ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ያድራል፤ መሬቱ ሙቀቱን ስለሚያጣ ንጋት ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። እዚህ ቅዝቃዜው ሌሊት መጥቶ ቀን ይሄዳል። ቅጠል አራግፎ የሚያልፉት ወቅት ስለሌለ፣ የደጋው ተክል ቅጠሉን እንደያዘ መቋቋም አለበት።

በዚህ የተካነው አስታ የተባለው ተክል ነው። ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭን ሲሆን ጠርዙ ወደ ውስጥ ስለሚጠቀለል ውሃ አያባክንም፤ ቢቆረጥ ወይም ቢቃጠል ከግንዱ ሥር ያቆጠቁጣል። ሆኖም ገብስ እየታረሰ፣ ከብት እየተሰማራና ማገዶ እየተለቀመ በብዙ ቦታ ወደ ገደላ ገደሉ ተገፍቷል። በደቡብ ወሎ እስከ ዛሬ በስፋት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ በቦረና ሳይንት ያለው የደንቆሮ ደን ነው።

ዝቅ ብለው የሚበቅሉት ጥድና ወይራ ደግሞ ከመጥረቢያ የተረፉት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። ግማደ መስቀሉን ግሸን ላይ እንዳኖሩ የሚነገርላቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው መናገሻ ላይ እንዳስተከሉም ይተረካል። ጥድ ግን ለማደግ ዘመን ይፈጃል። በዐፄ ምኒልክ ጊዜ የገባው የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለቤት ማገርና ለማገዶ ስለሚደርስ፣ ገበሬው በደጁ የሚተክለው እሱን ሆነ።