ባለጡንቻዎቹ መኪኖች

አሜሪካ ውስጥ ዕድሜው ስድሳን የተሻገረ ሰው ድንገት ብድግ ብሎ ሌላ ስቴት ይሄድና አንድ አሮጌ ፖንቲያክ ይገዛል። በጭነት መኪና ማስመጣት ሲችል ራሱ እየነዳ፣ ቀናት ፈጅቶ ቤቱ ይገባል። ፍሬኑ እንደ ዘንድሮ መኪና ፈጥኖ አይዝም፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ይግላል፤ ቤንዚን እንደ ውኃ ይጠጣል። ምን ነክቶት ነው? ትሉ ይሆናል። መልሱ ያለው መኪናው በተሠራበት ዘመን ላይ ነው።

«መስል ካር» ይሏቸዋል፤ ባለጡንቻ መኪና ማለታቸው ነው። ታሪካቸው የሚጀምረው ደንብን በዘዴ ከማለፍ ነው። ጀነራል ሞተርስ መካከለኛ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያኩ መሐንዲስ ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን ቀዳዳ አገኙ፤ ሞተሩ ከመኪናው ጋር አብሮ አይመጣም፣ ደንበኛው ተጨማሪ ከፍሎ ያዘዋል። በዚህ መላ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ «ጂቲኦ» ተወለደ። ሞተሩ ከ6 ሊትር በላይ፣ ጉልበቱ 325 የፈረስ ጉልበት። አለቆቹ 5,000 ያህል ቢሸጥ ብለው ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ32,000 በላይ ተሸጠ። ከጦርነቱ በኋላ የተወለደው ትውልድ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበት ጊዜ ነበራ! ቤንዚንም ርካሽ ነበር።

ከዚያ የኢንሹራንሱ ክፍያ ናረ፤ በ1970 የአየር ብክለት ሕጉ ጠበቀ። በጥቅምት 1973 ደግሞ የዓረብ አገሮች ነዳጅ አንሸጥም አሉ። 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ማደያዎች በሰልፍ ተጨናነቁ፤ የባለጡንቻዎቹም ዘመን አከተመ።

ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው። አንድ ሊትር የማይሞላ ሞተር ያላቸውን እነዚያን ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶዎች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያ የዋጋ ንረት አዲስ አበባ ደርሶ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ሲጨምር የታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ። የመምህራኑ ቅሬታ፣ የወታደሩ ጥያቄና የወሎ ረሃብ ቀድመው ተከማችተው ነበር፤ ቤንዚኑ እሳቱ ላይ ተጨመረበት።

አሜሪካዊው ያንን ጊዜ መልሶ መግዛት ይችላል። ቀለም ያስቀባል፣ ዕቃ ይቀይራል፣ እሑድ እሑድ ይነዳዋል። በርካሽ ቤንዚን የኖረበት ወጣትነቱ ነውና አይፈረድበትም። የእኛ ሰው ግን ያንን ዓመት ሲያስብ ትዝ የሚለው ሌላ መኪና ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሮልስ ሮይሶቻቸውን ትተው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ነበር።