ሪዋቅ አል-ጀበርት፦ የሀበሻ ደረሶች ማደሪያ በአል-አዝሀር እና ያወረሰን ጥያቄ

ከሀገር ወጥቶ ከፍ ያለ ትምህርት መማር ዛሬ ከፓስፖርት፣ ከቪዛና ከነጻ የትምህርት ዕድል ጋር ተያይዞ ይታሰባል። ለኢትዮጵያና ለአካባቢዋ ሙስሊሞች ግን ነገሩ የዩኒቨርሲቲ ዘመን የወለደው አይደለም። ባሕር ተሻግረው ዕውቀት የፈለጉ የዚህ ምድር ልጆች በካይሮ መታወቅ ከጀመሩ ሰባት መቶ ዓመታት አልፈዋል። በአል-አዝሀር መስጊድ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ማደሪያ፣ ሪዋቅ አል-ጀበርት፣ ነበራቸው።

ስለዚህ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሱት ታላላቅ ስሞች ናቸው፤ ሁለቱ ዘይለዒዎችና የታሪክ ጸሐፊው አል-ጀበርቲ። እነዚህ ስሞች ኩራታችን ቢሆኑም አንድ ነገር ይጋርዱብናል። ሦስቱም የሚታወቁት በካይሮ ሠርተውና በካይሮ ሞተው የካይሮ ሊቃውንት ስለ ሆኑ ነው። ወደ መጣበት ሀገር የተመለሰው ደረሳ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህ ጽሑፍ የሪዋቁን ታሪክ በሦስት ጥያቄዎች ይመረምራል፦ እንግዳውን ተማሪ ማን አበላው? ማን ቆመለት? ከተማረውስ ምን ወደ ሀገሩ ተመለሰ?

ዘይለዒና ጀበርቲ

በመካከለኛው ዘመን የግብፅና የሒጃዝ ሰዎች የዚህን አካባቢ ሙስሊሞች በሁለት ስሞች ይጠሯቸው ነበር። አንዱ ከዘይለዕ ወደብ የተወሰደው «ዘይለዒ» ሲሆን ብዙዎቹን «ዘያሊዓ» ይሏቸዋል። ሌላው «ጀበርቲ» ነው። የዐረብ ጸሐፍት «ጀበርት» የይፋት ሌላ ስም መሆኑን ጽፈዋል፤ ኋላ ግን ቃሉ ሰፍቶ የሀበሻ ሙስሊም ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ስለዚህ በካይሮ መዛግብት ውስጥ «ዘይለዒ» የተባለ ሰው ሁሉ የዘይለዕ ከተማ ተወላጅ ነው ማለት አይቻልም። ከደጋው ወርዶ በዚያ ወደብ የተሳፈረም በዚሁ ስም ሊጠራ ይችላል። እንግዳ አገር የሚሰጠው ስም የመጡበትን መንደር ሳይሆን የገቡበትን በር ይናገራል።

ከእነዚህ ሰዎች ቀደም ብሎ የሚገኘው ታላቅ ስም የፈኽሩዲን ዑስማን ኢብን ዐሊ አዝ-ዘይለዒ ነው። በ705 ሂ. (1305/06 እ.ኤ.አ.) ካይሮ ገብተው አስተማሩ፤ ፈትዋ ሰጡ፤ «ከንዝ አድ-ደቃኢቅ» ለተባለው የሐነፊ ፊቅህ ኪታብ «ተብዪን አል-ሐቃኢቅ» የተሰኘውን ሰፊ ማብራሪያ ጻፉ። በ743 ሂ. በዚያው አረፉ። ከእርሳቸው የቀሩት ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብን ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒ (ሞት 762 ሂ.) ደግሞ የሐዲስ ሊቅ ሆኑ። «ነስብ አር-ራያ» የተባለው ሥራቸው «አል-ሂዳያ» በተሰኘው የፊቅህ ኪታብ ውስጥ የተጠቀሱትን ሐዲሶች ከየምንጫቸው ፈልጎ ደረጃቸውን የመረመረ ነው። ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ይህንኑ ሥራ አሳጥረው «አድ-ዲራያ» ብለው አዘጋጅተውታል።

በዚያው ዘመን ሌላ ዘይለዒ ከኪታብ ውጭ በሆነ ጉዳይ ይወሳሉ። ስለ ሀበሻ ሰባት የእስልምና ግዛቶች የጻፈው አል-ዑመሪ (ሞት 749 ሂ.) መረጃውን ካገኘባቸው ሰዎች አንዱ ሼኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ ናቸው። እኚህ ሼኽ የአሌክሳንድርያው ፓትርያርክ ለሀበሻው ንጉሥ እንዲጽፉና የሙስሊሞቹ በደል እንዲቆም በሡልጣኑ ዘንድ ይማልዱ ነበር። ካይሮ የነበረው የሀበሻ ማኅበረሰብ ከመማርና ከማስተማር ባሻገር ስለ ሀገሩ የሚጠየቅና የሚናገር አካልም ነበር ማለት ነው።

እንጀራና ማደሪያ

አል-አዝሀር በ359 ሂ. (970 እ.ኤ.አ.) በፋጢሚዮች ተመሠረተ። ሰላሑዲን የፋጢሚዮችን አገዛዝ በ567 ሂ. (1171 እ.ኤ.አ.) ካስወገዱ በኋላ የጁምዓ ኹጥባ ተቋረጠበት፤ በ665 ሂ. በሡልጣን በይበርስ ዘመን ተመለሰለት። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ዋና የትምህርት ስፍራ እየሆነ ሄደ።

«ሪዋቅ» በመሠረቱ በዓምዶች መካከል ያለ ጥላ ያለው መተላለፊያ ማለት ነው። በአል-አዝሀር ግን ቃሉ ከአንድ አገር የመጡ ተማሪዎች የሚያድሩበትንና የሚተዳደሩበትን ክፍል መግለጫ ሆነ። የመግሪብ፣ የሻም፣ የቱርክ፣ የላይኛው ግብፅና የሌሎችም አገሮች ሰዎች የየራሳቸው ሪዋቅ ነበራቸው። ሪዋቁ በሼኽ ይመራል፤ ከወቅፍ ገቢ የሚገኝ ዕለታዊ ዳቦ፣ ጂራያ፣ ለነዋሪዎቹ ይከፋፈላል። ሼኹ የመጣውን ይቀበላል፣ ድርሻውን ያስጠብቃል፣ ጠብ ሲነሳ ይዳኛል፣ በመስጊዱ አስተዳደር ፊትም ስለ ወገኖቹ ይናገራል።

ይህ አሠራር ለሀገራችን ደረሳ ፍጹም እንግዳ አልነበረም። በወሎም ሆነ በሌላው አካባቢ ደረሳ ከቤቱ ርቆ ሼኽ ፍለጋ ሲዞር የሚያበላው የመንደሩ ሰው ነው። ልዩነቱ የአል-አዝሀር እንጀራ በጎረቤት ቸርነት ሳይሆን በሰነድ በተጻፈ ወቅፍ ላይ መመሥረቱ ነው። ይህም ጥንካሬውም ድካሙም ነበር። ወቅፍ ሰጪው ከሞተ በኋላም ዳቦው ይቀጥላል፤ ነገር ግን የወቅፉ አስተዳዳሪ ሲለወጥ የተማሪው ኑሮም ከሥሩ ሊናጋ ይችላል።

የ818 ሂ. መባረር

ይህ ድካም ምን ያህል እንደ ነበረ አል-መቅሪዚ (ሞት 845 ሂ.) በ«ኺጠጥ» መጽሐፋቸው ውስጥ አስፍረውልናል። በእርሳቸው ዘመን በአል-አዝሀር ውስጥ የሚኖሩት ችግረኞች ቁጥር 750 ደርሶ ነበር። ከእነርሱም ዐጀሞች፣ ዘያሊዓዎች፣ የግብፅ ገጠር ሰዎችና መግሪቦች ይገኙ ነበር፤ ለእያንዳንዱም ወገን በስሙ የሚታወቅ ሪዋቅ ነበረው። ቀኑ በቁርኣን ንባብና በልዩ ልዩ ዕውቀት ይሞላ እንደ ነበር ይነግሩናል።

በ818 ሂ. (1415 እ.ኤ.አ.) ግን የመስጊዱ አስተዳዳሪ ሆኖ የተሾመ አንድ አሚር በጁማደል ኡላ ወር እነዚህ ሰዎች ሁሉ ከመስጊዱ እንዲወጡና በዚያ እንዳይኖሩ አዘዘ። ሳጥናቸውና የኪታብ መደርደሪያቸው ሳይቀር ተነሥቶ ተበተኑ። አል-መቅሪዚ ይህን በሐዘን ነው የሚዘግቡት፤ ለብዙዎቹ መጠጊያ ማጣት ትምህርትም ማጣት ነበርና።

ስለ ታላላቆቹ ዘይለዒዎች ስንናገር ይህን ገጽ መዝለል አይገባም። ከ750ዎቹ መካከል የነበሩት የሀበሻ ሰዎች ስም በዘገባው ውስጥ የለም። እነርሱ ኪታብ ደርሰው የቀሩ ሳይሆኑ በመንገድ ላይ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። የእንግዳ ተማሪ ታሪክ በአብዛኛው የእነዚህ ስም የለሾች ታሪክ ነው፤ ዕጣቸውም በአንድ ሹመኛ ትእዛዝ ሊወሰን ይችል ነበር።

የጀበርቲ ቤት

ሪዋቁ ከዚያ በኋላም ጸንቶ እንደ ኖረ ምስክሩ የዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) ቤተሰብ ነው። የታሪክ ጸሐፊው «ዐጃኢብ አል-አሳር» በተባለው ሥራቸው የዘራቸውን ነገር ሲተርኩ፣ ሰባተኛ አያታቸው ዐብዱረሕማን ከጀበርት ተነሥተው ወደ ጂዳ ተሻገሩ፤ መካ ደረሱ፤ በመዲና ቆይተው ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ግብፅ መጥተው ሪዋቁን ገቡ፤ በመጨረሻም ሼኹ ሆኑ ይላሉ። የሪዋቁ ሹመት ከእርሳቸው በኋላ በልጅ ልጆቻቸው እጅ ቀጠለ። ጸሐፊው ስለ ጀበርት ሰዎች ሲናገሩም በሐነፊና በሻፊዒ መዝሀብ እንደሚተዳደሩ፣ በእግር እየተጓዙ ሐጅ እንደሚያደርጉ፣ በመዲና፣ በመካና በአል-አዝሀር ሦስት ሪዋቆች እንዳሏቸው ያስረዳሉ። የሀበሻው ደረሳ ጉዞ የሐጅና የቂርአት መንገድ በአንድነት እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን፤ ሦስቱ ማደሪያዎች የአንድ መንገድ ማረፊያዎች ነበሩ።

የጸሐፊው አባት ሼኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ በ1110 ሂ. ተወልደው በሕፃንነታቸው አባታቸውን አጡ፤ ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። ከፊቅህ ሌላ በሒሳብ፣ በሥነ ፈለክና በመለኪያዎች ዕውቀት የታወቁ ሆኑ። ልጃቸው እንደሚተርኩት በ1159 ሂ. (1746 እ.ኤ.አ.) ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ወደ እርሳቸው ቀርበው የጂኦሜትሪ ትምህርት ቀሩ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም ዕውቀቱን በሥራ ላይ አዋሉት። የአንድ እንግዳ ተማሪ ልጅ ልጅ የሌሎች እንግዶች መምህር ሆነ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላው ነው፤ እነዚያ አውሮፓውያን ተመለሱ፣ የጀበርቲ ቤት ግን አልተመለሰም። ካይሮ ሰባት ትውልድ የፈራበትን ዘር ከሀበሻ ወሰደች።

ከኢጃዛ ወደ ዲፕሎማ

በቀድሞው ሥርዓት የተማሪው ማስረጃ ከመምህሩ የሚቀበለው ኢጃዛ ነበር። ኢጃዛ «እገሌ ይህን ኪታብ ከእኔ ቀርቷል፤ ሊያስተምረውም ፈቅጄለታለሁ» የሚል የሰው ለሰው ምስክር ነው። ተቋም አይሰጠውም፤ መንግሥት አያጸድቀውም። በዚህም ምክንያት ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ ዋጋው አይቀንስም ነበር፤ በመምህራኑ ሰንሰለት የሚታወቁትን ስሞች የሚያውቅ ሁሉ ያከብረዋልና።

በ1872 እ.ኤ.አ. በአል-አዝሀር ዓሊም ለመባል በአሥራ አንድ የትምህርት ዓይነቶች በፈታኞች ጉባኤ ፊት መፈተን ግዴታ ሆነ። በ1930 የወጣው ሕግ ደግሞ የኡሱል አድ-ዲን፣ የሸሪዓና የዐረብኛ ቋንቋ ፋኩልቲዎችን አቋቁሞ ከእነርሱ በላይ የልዩ ጥናት ደረጃን አበጀ። በ1961 የወጣው ሕግ ቁጥር 103 ሕክምናንና ምሕንድስናን የመሳሰሉትን ጨመረ፤ የማስተርስና የዶክትሬት ደረጃዎችም ከዘመናዊው ሥርዓት ጋር ተዛመዱ። በ1950ዎቹ ለውጭ አገር ተማሪዎች የተሠራው መዲነት አል-ቡዑስ የሪዋቆቹን የማደሪያነት ተግባር ተረከበ።

ለውጡ የሀበሻውን ተማሪ በሁለት መንገድ ነካው። አንደኛ፣ በአገር ሰው የሚመራው ማደሪያ ቀርቶ ተማሪው ከተቋሙ ጋር በግሉ የሚገናኝ ሆነ። ሁለተኛ፣ ማስረጃው የመንግሥት ወረቀት ሆነ፤ ወረቀት ደግሞ በሌላ መንግሥት መታወቅ ያስፈልገዋል። ቀድሞ «ከማን ቀራህ?» ይባል የነበረው ጥያቄ «ዲግሪህ የት ይታወቃል?» ወደሚል ተለወጠ።

የተመለሱት

ከሽግግሩ ዘመን ተመላሾች መካከል ታሪካቸው ጎልቶ የሚታየው ሼኽ ኢብራሂም አል-ሙኽታር (1909–1969 እ.ኤ.አ.) ናቸው። ከኤርትራ ተነሥተው በሱዳን በኩል ካይሮ ገቡ፤ በአል-አዝሀር ተማሩ፤ ከ1940 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የኤርትራ ሙፍቲ ሆነው አገለገሉ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አሠራር ሥርዓት አስያዙ፤ ስለ አካባቢው ሙስሊሞች ታሪክም በዐረብኛ ብዙ ጻፉ። በውጭ የተማሩትን በሀገር ተቋም ላይ ስላዋሉት ዱካቸው አልጠፋም። በካይሮ የተማረ ሰው ሲመለስ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከእርሳቸው የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ሌሎቹ ግን በመዛግብት ሳይሆን በትውስታ ይኖራሉ። በየገጠሩ መስጊድ «ሚስር ቀርተው የመጡ» እየተባሉ የሚወሱ ሼኾች አሉ። ማስረጃቸው በኪታቦቻቸው ኅዳግ ላይ የጻፉት ማስታወሻ፣ በቤተሰብ እጅ ያለ የኢጃዛ ቅጠልና የደረሶቻቸው የቃል ሰንሰለት ነው። የካይሮ የሊቃውንት መዝገቦች በካይሮ የሞተውን ይጽፋሉ፤ ተመላሹን መጻፍ የሀገሩ ሰው ድርሻ ነበር። የታሪካችን ምስል ወደ ቀሩት ያዘነበለው ለዚህ ነው።

መደምደሚያ

ሪዋቅ አል-ጀበርት የሚያስተምረን እንግዳ ተማሪን የሚያቆመው የግል ብርታት ብቻ አለመሆኑን ነው። ዳቦ የሚሰጥ ወቅፍ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሼኽና የሚያርፍበት ምንጣፍ ከሌለ የሊቁ ዕውቀትም አይደርሰውም። እነዚህ ሲናጉ ምን እንደሚከተል 818 ሂ. አሳይቷል፤ በእኛም ዘመን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ሲቀሰቀስ በዚያ ከተማ ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩ የነበሩ የአፍሪካ ተማሪዎች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ትምህርታቸውን አቋርጠው መሸሽ ግድ ሆነባቸው።

ዛሬ በካይሮ፣ በመዲና፣ በካርቱምና በኳላ ሉምፑር የኛ ልጆች ስለ እኛ ታሪክ፣ ስለ መዝሀቦቻችንና ስለ ኪታቦቻችን የማስተርስና የዶክትሬት ጥናት ጽፈዋል። ጥናቶቹ በተጻፉባቸው ከተሞች መደርደሪያ ላይ ብቻ ከቀሩ የሁለቱ ዘይለዒዎች ዕጣ ይደገማል፤ ስማችን ይከበራል፣ ዕውቀቱ ግን ቤቱ አይገባም። ስለዚህ ሁለት ሥራዎች ይጠብቁናል። አንዱ የተመላሽ ሼኾችን ኢጃዛዎችና የኅዳግ ጽሑፎች ባለቤቶቻቸው ሳያልፉ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው የዛሬዎቹን የምረቃ ጥናቶች ቅጂ በአንድ የሀገር ቤተ መጻሕፍት ማሰባሰብ ነው። የጀበርት ሰዎች በሦስት ቅዱሳንና የዕውቀት ከተሞች ማደሪያ ነበራቸው፤ የቀረው አራተኛው፣ ለተመለሰው ዕውቀት በገዛ አገሩ የሚዘጋጀው ማደሪያ ነው።