ሁለት ኮር ወይስ አራት ኮር? የአንድ ጥያቄ ታሪክ

የካምፓስ ጥሪ በወጣ ቁጥር ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ይሞላል፦ «ቲቸር፣ ዱዋል ኮር ይሻላል ወይስ ኳድ ኮር?» ጠያቂው የቀድሞ ተማሪዬ ነው፣ ወይ ታናሽ እህቱን ግቢ ሊያስገባ የተነሳ ወንድም። ብሩ ብዙ ጊዜ ከወላጅ የመጣ ነው፤ ቢቸና ወይ ሉማሜ ላይ ጤፍ ተሽጦ፣ አንዳንዴም በሬ ተሽጦ። ስለዚህ «አራት ከሁለት ይበልጣል» ብሎ መገላገል ነውር ይመስለኛል። የዚህ ጥያቄ መልስ በየዘመኑ ተቀያይሯል። ለምን እንደተቀያየረ ያወቀ ሰው ደግሞ ሱቅ ገብቶ በቀላሉ አይሸወድም።

መጀመሪያ ፕሮሰሰር ማለት አንድ ሠራተኛ ማለት ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1971 ካወጣው፣ 2,300 ትራንዚስተር ብቻ ከነበረው 4004 ጀምሮ ፉክክሩ ያንኑ አንድ ሠራተኛ ማፍጠን ነው። ፔንቲየም 4 እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ 1.5 ጊጋኸርዝ ነበር፤ በአራት ዓመት ውስጥ 3.8 ደረሰ። ቀጥሎ 4 ሊባል ነው ሲባል ነገሩ እዚያው ቆመ። ምክንያቱ ሙቀት ነው። ፍጥነት በተጨመረ ቁጥር ቺፑ የሚበላው መብራት ከ100 ዋት አልፎ ሄደ፣ ያንን ሙቀት ማስወጣት ደግሞ አቃተ። ጥቅምት 1997 ላይ ኢንቴል ባለ 4 ጊጋኸርዙን ፔንቲየም 4 ሰረዘው። የኩባንያው ኃላፊ ክሬግ ባሬት በዚያው ወር አሜሪካ ውስጥ በአንድ ትልቅ ጉባኤ መድረክ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። እየቀለደ ነበር፤ ጉዳዩ ግን ቀልድ አልነበረም።

መፍትሔው የጎጃም ገበሬ ከጥንት የሚያውቀው ነው፦ ወንፈል። አንዱን አጫጅ «ፍጠን፣ ፍጠን» ከማለት ሌላ አጫጅ መጨመር። አይቢኤም በትልልቅ ማሽኖቹ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት ኮር በአንድ ቺፕ አሳይቶ ነበር። ወደ እኛ ዓይነቱ ኮምፒውተር የወረደው ግን በግንቦት 1997 ነው። እኛ በምርጫው ወሬ ተይዘን ሳለ ኢንቴል ፔንቲየም ዲን፣ ኤኤምዲ አትሎን 64 ኤክስ2ን በአንድ ወር ውስጥ አወጡ። በጥር 1998 ኮር ዱዎ የሚባለው ላፕቶፕ ላይ ገባ። በ1999 መጀመሪያ ባለ አራት ኮሩ ለዴስክቶፕ መጣ፤ እሱም ቢሆን ሁለት ባለ ሁለት ኮር ቺፖች በአንድ ማሸጊያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ተማሪ መቀበል የጀመረው በዚያው አካባቢ ነው። ማለትም ጥያቄውና ግቢያችን እኩያ ናቸው።

ወንፈል ግን ለሁሉም ሥራ አይሆንም። አራት ሰው አንድ ማሳ ጤፍ ቶሎ ያጭዳል፤ አራት ሰው አንድ ጀበና ቡና ቶሎ አያፈላም። ጂን አምዳል የተባለ መሐንዲስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1967 በሒሳብ አስቀምጦታል፦ የሥራው ግማሽ ተራ በተራ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሺህ ኮር ብትደረድሩም ፍጥነቱ እጥፍ አይሞላም። አውቶካድ ላይ ስትስሉ፣ የቆየው አርክማፕ ላይ ካርታ ስትሠሩ አብዛኛውን ሸክም የሚሸከመው አንድ ኮር ነው። ስታታ እንኳ ኤስኢ የሚባለው እትሙ የሚጠቀመው በአንድ ኮር ብቻ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብርና የሕንፃ ዲዛይን ሬንደር ለሚያደርግ ግን እያንዳንዱ ኮር ሥራ አያጣም። ክሮም ላይ ሃያ ገጽ ከፍቶ ቴሲስ ለሚጽፈውም ኮር ይረዳል፤ እዚያ ላይ ግን ቀድሞ የሚያልቀው ራሙ ነው።

ላፕቶፕ ላይ ደግሞ የባትሪ ነገር አለ። ባለ አራት ኮር ላፕቶፕ ለብዙ ዓመታት 45 ዋት የሚበላ፣ ወፍራም፣ ተሸክመውት ላይብረሪ የማይሄዱበት ዕቃ ነበር። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ዱዋል ኮር ግዙ» እል የነበረው ለዚህ ነው። 15 ዋት የሚበሉት፣ ስማቸው በ«ዩ» የሚያልቀው ቀጫጭኖቹ የኢንቴል ቺፖች አይ3 ተባሉ፣ አይ5 ተባሉ፣ አይ7 ተባሉ ሁለት ኮር ነበሩ። በነሐሴ 2009 ስምንተኛው ጀነሬሽን መጣና በዚያው 15 ዋት አራት ኮር ገባ። በዚያው ዓመት የኤኤምዲ ራይዘን ገበያ መውጣቱ ኢንቴልን ያስቸኮለው ይመስለኛል።

የሱቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ከዱባይ የመጡ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ፊታችሁ ተቀመጡ እንበል። አንዱ አይ7-7500ዩ ነው፦ 2.7 ጊጋኸርዝ፣ ሁለት ኮር። ሌላው አይ5-8250ዩ ነው፦ 1.6 ጊጋኸርዝ፣ አራት ኮር። ሻጩ «አይ7 ነው እኮ፣ ጊጋኸርዙንም እዩት» ይላል። የተጻፈው ግን መነሻ ፍጥነት ነው፤ ሥራ ሲመጣ የመጀመሪያው እስከ 3.5፣ ሁለተኛው እስከ 3.4 ይወጣል። በአንድ ኮር ሥራ ሊለያዩ ምንም አልቀራቸውም፤ ሊከፋፈል በሚችል ሥራ አይ5ቱ ጥሎት ይሄዳል። እኔ ያለማመንታት እሱን እወስዳለሁ።

የተገላቢጦሹም አለ። ሴሌሮን ኤን4100 የሚባለው አራት ኮር አለው፣ አዲስም ሆኖ በርካሽ ይገኛል። እያንዳንዱ ኮር ግን ደካማ ነው፤ አራት ሕፃናት ለወንፈል እንደመጥራት ነው። ከሱ ባለ ሁለት ኮሩ አይ5-7200ዩ ይሻላል።

ሌላም አንድ ነገር፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱ። «ኮርስ» እና «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። ሁለት ኮር ያለው ማሽን ሁለተኛው ላይ 4 ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ አንዱን ኮር ሁለት ተራ እንዲቀበል ማድረግ እንጂ ተጨማሪ ሠራተኛ አይደለም። «ይኸው አራት ነው» ሲሏችሁ ጣታችሁን «ኮርስ» ላይ አድርጉ።

ብሩ ስምንተኛ ጀነሬሽን ላይ ካልደረሰስ? 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ሁለት ኮር ግዙ፤ ለወርድ፣ ለኤስፒኤስኤስ፣ ለፒዲኤፍ ይበቃል። በሃርድ ዲስክ የሚሠራ አራት ኮር ገና እስኪከፈት ድረስ እናንተ አንድ ገጽ ጽፋችኋል። ዋጋ ስትከራከሩ ግን ይህን አትርሱ፦ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ሰባተኛ ጀነሬሽንን በይፋ አይቀበልም። ያንን አይ7 የሚሸጠው ሰውዬ ይህን ከእናንተ አፍ ሲሰማ ዋጋውን ዝቅ ማድረጉ አይቀርም።