ሆርሞን የሚያዛቡ በካዮች በዓሣ ሀብት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት

ሆርሞን የሚያዛቡ በካዮች የሚባሉት ወደ እንስሳት ሰውነት ሲገቡ የተፈጥሮ ሆርሞንን ሥራ የሚተኩ ወይም የሚያግዱ ኬሚካሎች ናቸው። በወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ውስጥ የሚገኘው ኤቲኒል ኢስትራዲዮል ከእነዚህ አንዱ ነው።

ኬሚካሉ በሽንት አማካይነት ወደ ፍሳሽ መስመር ይገባል። የተለመዱት የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች እርሱን ለማስወገድ ታስበው ያልተገነቡ በመሆናቸው የተወሰነው ክፍል ወደ ወንዝ ይለቀቃል።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ጣቢያዎቹ ፍሳሽ በሚለቁባቸው ወንዞች ውስጥ ሮች በተባሉ ወንዴ ዓሦች የዘር ፍሬ ላይ የእንቁላል ህዋሳት መገኘታቸውን አመልክቷል።

በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ደግሞ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ድረስ ይህንኑ ኬሚካል ለምርምር በተከለለ ሐይቅ ውስጥ ጨምረዋል። መጠኑ በአንድ ሊትር ውኃ ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ብቻ ነበር፤ አንድ ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ወንዴዎቹ የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን ማምረት ጀመሩ፤ ፋትሄድ ሚኖ የተባለው አነስተኛ ዓሣም ከሐይቁ ሊጠፋ ተቃረበ። እርሱን የሚመገበው ትራውትም ቀነሰ። ኬሚካሉን መጨመር ከተቋረጠ ከዓመታት በኋላ ግን የሚኖው ቁጥር አገግሟል።

ጉዳቱ ምንጩ ሲደርቅ ሊታረም እንደሚችል ይህ ያሳያል። ለዚህም ኦዞንና አክቲቭ ካርቦን የሚጠቀም ተጨማሪ የማጣራት ደረጃ ያስፈልጋል። ስዊዘርላንድ ይህን ለተመረጡ ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሕግ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው መመሪያ በበኩሉ፣ ከተጨማሪው ወጪ ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች እንዲሸፍኑ ደንግጓል።