ሰያፍ መጋዝ፤ ባለ 10 ይሻላል ባለ 12?

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የመሣሪያ መደብር ገብቼ ማይተር ሶው እንደምፈልግ ስናገር ሻጩ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ባለ አስር ወይስ ባለ አስራ ሁለት?» አላውቅም ማለት አፍሬ «ባለ አስራ ሁለት» አልኩ። ትልቅ ነገር መቼም አይጎዳም ብዬ። ማሽኑን በግድ መኪናው ውስጥ አስገብቼ፣ ጋራዥ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ከሰቀልኩት በኋላ አዲስ አበባ ላሉት የድሮ ጎረቤታችን ደወልኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ ናቸው፤ በልጅነቴ ሰጋቱራ የጠረግኩት እሳቸው ቤት ነው።

«ጋሼ፣ ባለ አስራ ሁለት ኢንች የእንጨት መጋዝ ገዛሁ።»

«እሰይ! ስንት ስፋት ይቆርጣል?»

«አስራ ሁለት ነዋ።»

«እሱ የዲስኩ ነው፣ አንተ ልጅ። ጣውላውን ስንት ይቆርጣል ነው የምልህ።»

መልሱን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ለመጻሕፍት መደርደሪያ ያመጣሁት ጣውላ 235 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው። ዲስኩ ወረደ፣ ወረደ፣ መጨረሻው ላይ ደርሶ ቆመ፤ በአንደኛው ጠርዝ ሁለት ጣት የሚያህል ሳይቆረጥ ቀረ። ጣውላውን ገልብጬ ከሌላው ወገን ጨረስኩት። ሁለቱ ቁርጦች ግን ልክ አልገጠሙም፤ መሃሉ ላይ ጥፍር የሚይዝ እርከን ተፈጠረ። ያ እርከን እስካሁን መደርደሪያው ላይ አለ፣ በመዝገበ ቃላት ሸፍኜዋለሁ።

ዕቃውን ለማያውቅ ሰው፤ ጠፍጣፋ መድረክ አለው፤ ከመድረኩ ኋላ እንጨቱ የሚደገፍበት ቀጥ ያለ የብረት ግድግዳ አለ። መድረኩ መሃል ዲግሪ የተጻፈበት ዞር የሚል ሰሌዳ አለ። ከኋላ በማጠፊያ የተያዘ ክንድ ሞተሩንና ክቡን ዲስክ ተሸክሞ ከላይ ይወርዳል። እንጨቱ ቁጭ ይላል፣ መጋዙ ይመጣበታል። ሥራው እንጨትን በአግድሙ፣ ማለትም ጭረቱን አቋርጦ፣ በተፈለገው አቅጣጫ መቁረጥ ነው። ጣውላን በቁመቱ መሰንጠቅ የሌላ ማሽን ሥራ ስለሆነ እዚህ አንሞክረውም።

ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት ይህን የሚሠራው ሦስት ጣውላ ገጥሞ የተሠራ፣ ላይና ጫፉ ክፍት የሆነ ሳጥን ነበር። በሁለቱ ጎኖቹ ላይ አንድ ቀጥ ያለና ሁለት ያጋደሉ ስንጥቆች ይወጡለታል፤ እንጨቱ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ የእጅ መጋዙ በስንጥቁ እየተመራ ይቆርጣል። ጋሼ እንዲህ ያለ ሳጥን ከቀረሮ ፍልጥ ሠርተው ነበር፤ ስንጥቁ በመጋዙ ጥርስ እየተበላ ሲሰፋ በየጊዜው በአዲስ ይተኩታል። ሞተር የተገጠመለትን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1964 መጀመሪያ ለገበያ ያወጣው ሮክዌል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው።

ስሙን ምን እንበለው? «ማይተር» በእንግሊዝኛ ከጳጳስ ራስ መሸፈኛ ስም ጋር አንድ ነው፤ ቃሉም የመጣው ራስ ላይ የሚታሰርን ነገር ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። አናጢዎቹ የወሰዱት ሁለት ተዳፋት ጫፍ ላይ ሲገናኙ የጳጳሱን ሹል ቆብ ስለሚመስሉ ነው ይባላል። ለእኛ አይሠራም። የእኛ ጳጳሳት ቆብ ክብ ነው፣ ከእሱ ተነስቶ የስዕል ፍሬም ጥግ የሚታየው ሰው የለም።

በየሥራው ቦታ የሚሰማው ቃል «አርባ አምስት» ነው። በግድግዳ ግርጌ የሚዞረውን ዞኮሎ የሚገጥም ሰው ረዳቱን «ይሄን አርባ አምስት ቁረጠው» ይለዋል፣ ረዳቱም ይገባዋል። ሁለት ጫፎች እያንዳንዳቸው በ45 ዲግሪ ሲቆረጡና ሲገጠሙ 90 ዲግሪ ጥግ ይሆናሉ፤ ቃሉ ከዚያ የመጣ ነው። ይህን ቃል እወደዋለሁ፣ ለማሽኑ ስም ግን ይጠበዋል። ባለ ስድስት ጎን ፍሬም በ30፣ ባለ ስምንት ጎን በ22.5 ዲግሪ ይቆረጣል፤ አብዛኛው የቀን ሥራ ደግሞ ቀጥ ያለው 90 ነው። «አርባ አምስት መቁረጫ» የተባለ ማሽን ላይ ሌላውን ለማዘዝ አፍ ይከብዳል።

«የማዕዘን መጋዝ» ተርጓሚ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ነው። ችግሩ ማዕዘን ብዙ መሸከሙ ነው፤ የቤቱ ጥግም ማዕዘን ነው፣ የዲግሪው ልክም ማዕዘን ነው፣ ብረት የሚቆርጠውን ግራይንደርንም የማዕዘን ሊሉት የሚፈልጉ አሉ። እኔ የምመርጠው «ሰያፍ መጋዝ» የሚለውን ነው። ሰያፍ መስመር ሲባል ከዳር ወደ ዳር ያጋደለ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ በንባብ ቤት ያለፈ ሰው ደግሞ ከተነሽ፣ ከወዳቂና ከተጣይ ጋር ሰያፍን ያውቃታል። አንድ ወዳጄ ረቂቄን ሲያይ «ሰያፊ መጋዝ» ብሎ አነበበውና ሳቅን። ጣቱን ለዘነጋ ሰው ያም ስም ሐሰት አይደለም።

ይህን ቃል ስንይዝ ሌላ ጥቅም እናገኛለን። ማሽኑ በሁለት መንገድ ያጋድላል፣ ሁለቱን መለየት አለብን። ሰሌዳው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዞሮ የጣውላውን ፊት አጋድሎ ሲቆርጥ ሰያፍ አቆራረጥ ነው። ዲስኩ ራሱ ወደ ጎን ተኝቶ የጣውላውን ውፍረት አጋድሎ ሲቆርጥ ደግሞ ዘመም አቆራረጥ እንበለው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያደርገው ጥምር ሰያፍ መጋዝ ነው። ከኮርኒስ በታች የሚዞረውን የማስጌጫ እንጨት መድረኩ ላይ አስተኝቶ ለመቁረጥ ይህ ያስፈልጋል። ክንዱ በሐዲድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ተንሸራታች ሰያፍ መጋዝ ይሆናል። ሻጩ ሊጠይቀኝ ይገባ የነበረው ይህን የመጨረሻውን ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 10 እና 12 የሚባለው የዲስኩ ስፋት ከዳር እስከ ዳር በኢንች ነው፤ 254 እና 305 ሚሊ። አውሮፓ ውስጥ 216 ሚሊ የሆነውም በብዛት ይሸጣል፤ ከዚያ የሚያንስ ባለ 7¼ ኢንችም አለ። ነገር ግን ዲስኩ በሙሉ እንጨት ውስጥ አይገባም። መሃሉ በማሰሪያውና በሞተሩ የተያዘ ስለሆነ ባለ 10 ኢንቹ ወደ ታች የሚገባው 89 ሚሊ ገደማ ብቻ ነው።

የእንጨቱ ቁጥርም ያሳስታል። አሜሪካ ውስጥ «ቱ ባይ ፎር» የሚባለው እንጨት ሲለካ ሁለት ኢንች በአራት አይደለም፣ 38 በ89 ሚሊ ነው። 2 በ6 የሚባለው 140፣ 2 በ8 የሚባለው 184፣ 2 በ10 የሚባለው 235 ሚሊ ስፋት አለው። ሁለት ቁጥሮች፣ ሁለቱም እንደ ስማቸው አይደሉም፤ እኔም መሃላቸው ገባሁ።

ባለ 10 የማይንሸራተት መጋዝ በ90 ዲግሪ 2 በ6ን ይቆርጣል፣ በ45 ግን ቱ ባይ ፎርን ብቻ። ባለ 12 የማይንሸራተተው በ90 ዲግሪ 2 በ8ን፣ በ45 ደግሞ 2 በ6ን። የሚቀንስበት ምክንያት ቀላል ነው፤ መንገዱ ሲያጋድል ይረዝማል። ጣውላውን በ45 ስንቆርጥ ዲስኩ የሚጓዘው የስፋቱን 1.41 እጥፍ ነው። 140 ሚሊ የሆነው 2 በ6 በ45 ሲቆረጥ 198 ሚሊ ይሆናል። ስለዚህ ማሽን ከመግዛቴ በፊት ወረቀት ላይ መጻፍ የነበረብኝ አንድ ቁጥር ነው፤ በ45 የምቆርጠው በጣም ሰፊው እንጨት ስንት ሚሊ ነው? እሱ በ1.41 ሲባዛ የሚፈለገው ስፋት ይወጣል።

ተንሸራታቹ ይህን ሒሳብ ይለውጠዋል። ክንዱ ስለሚጓዝ ባለ 216 ሚሊ ተንሸራታች እንኳ 300 ሚሊ ገደማ የሚሰፋ ጣውላ ይቆርጣል፤ የእኔ ትልቁ ባለ 12 ከዚህ ትንሽ ማሽን በስፋት ተበልጦ ነበር ማለት ነው። ባለ 12ቱ የሚበልጠው በከፍታ ነው። ወፍራም ምሰሶ ወይም ግድግዳው ላይ እንደሚቆመው ቁሞ የሚቆረጥ ረጅም ዞኮሎ ካለብዎ እሱን ይግዙ። ለቤት ውስጥ ወርክሾፕ ግን ሰው ቢጠይቀኝ ባለ 10 ተንሸራታች እላለሁ።

አንዱ ምክንያቴ ዲስኩ ነው። ባለ 10 ዲስክ ርካሽ ነው፣ በየመደብሩ አለ፤ ጣውላ በቁመት ለሚሰነጥቀው የጠረጴዛ መጋዝም አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ልክ ይኸው ነው፣ የመሃል ቀዳዳውም 5/8 ኢንች ሆኖ ይገጥማል። ባለ 12ቱ ቀዳዳ 1 ኢንች ነው፣ አይለዋወጥም። ይሁንና ለመሰንጠቅ የተሠራውን፣ ጥርሱ ጥቂትና ወደ ፊት የጎበጠውን ዲስክ ሰያፍ መጋዝ ላይ አይግጠሙ፤ እንጨቱን ይጎትታል። 60 ወይም 80 ጥርስ ያለው ለንጹሕ ቁርጥ ይሆናል። ሌላው ምክንያት ትልቅ ዲስክ ጫፉ ላይ ይበልጥ መወዛወዙ ነው። ሸካራ የግንባታ ሥራ ላይ አይታወቅም፣ ፍሬም ላይ ግን ይታወቃል።

ምን ያህል እንደሚታወቅ የእናቴን ፎቶግራፍ ፍሬም ስሠራ አየሁ። የፍሬሙ እንጨት 60 ሚሊ ስፋት ነበረው። አራት ጥግ፣ ስምንት ቁርጥ። ሰሌዳው 45 ይላል፣ እውነቱ ግን 44.5 ነበር። ግማሽ ዲግሪ ለዓይን ምንም ነው። ሦስቱን ጥጎች በኮላ አጥብቄ አሰርኩ፣ ደስ ብሎኝ ወደ አራተኛው ስሄድ ግማሽ ዲግሪው ስምንት ጊዜ ተደምሮ አራት ዲግሪ ሆኖ ጠበቀኝ። ጥጉ በውስጥ በኩል ተነካክቶ በውጭ በኩል ስድስት ሚሊ ገደማ ተከፈተ፤ እርሳስ ሊገባበት ምንም አልቀረውም። በሰጋቱራና በኮላ ለመድፈን ሞከርኩ። ፎቶግራፍ ሲነሳ አይታይ ይሆናል እንጂ እናቴ መጥታ ብታየው መጀመሪያ የምትነካው እሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ የሰሌዳውን ጽሑፍ አላምንም። ሁለት ቁራጭ እንጨት በ45 እቆርጣለሁ፣ እገጥማለሁ፣ ስኳድራ አስጠግቼ ወደ ብርሃን አነሳዋለሁ። ብርሃን ካለፈ ማስተካከያውን ብሎን አላልቼ እንደገና። ይህን ልማድ ከዲስኩ ስፋት በላይ እቆጥረዋለሁ።

ቦታም ይለካ። ተንሸራታቹ ሐዲዱን ወደ ኋላ ስለሚልክ ብዙውን ጊዜ ከግድግዳው ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ መኪና ለሚገባበት ጋራዥ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በጎን በኩል 2.4 ሜትር ጣውላ መሃሉን ለመቁረጥ በግራም በቀኝም 1.2 ሜትር ክፍት ይፈለጋል። ባለ 12 ተንሸራታች ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በየሳምንቱ አንስቶ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ወገቡን ያስብ።

አጠቃቀሙን በአጭሩ፤ እጅ ከዲስኩ መንገድ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ እጅ በእጅ ላይ አይመሳቀል፣ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ክንዱ አይነሳ። ተንሸራታች ሲሆን መጀመሪያ ወደ ራስ ይሳባል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ እየተገፋ ይቆረጣል፤ እየሳቡ ከቆረጡ ዲስኩ እንጨቱ ላይ ተሳፍሮ ወደ እርስዎ ይመጣል።

ጋሼ ባለፈው ወር ደውለው «ያንን የማያስፈልግህን ላክልኝ» አሉ። ልልክላቸው ነው፣ ግን እንዲሁ ሶኬት ላይ ቢሰኩት ያልቃል። የአሜሪካው ማሽን 120 ቮልት ነው፣ የእኛ አገር 220። 15 አምፒር በ120 ሲባዛ 1800 ዋት ይሆናል፤ ሞተሩ ሲነሳ ከዚያ በላይ ለቅጽበት ስለሚስብ 3000 ዋት የሚችል ቮልቴጅ ዝቅ ማድረጊያ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ከመጋዙ ጋር ተመዝኖ የሻንጣውን ልክ አለፈ። ነግሬያቸው ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣

«ለመሆኑ ስንት ስፋት ይቆርጣል?» አሉኝ።

«በ90 ዲግሪ ሁለት መቶ ሚሊ፣ ጋሼ። በአርባ አምስት መቶ አርባ።»

«ይበቃኛል። ትራንስፎርመሩን እኔ እዚህ እፈልጋለሁ።»