የሊማሊሞ ቁልቁለትና የአሽከርካሪው ወንበር

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ የመኪና መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገደል እየተቆረጠ የተሠራ ነው። በዚህ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነጂውን የሚፈትነው የፍሬኑ ሁኔታ ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትም ወንበር ነው። መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲታጠፍ ሰውነት ወደ ሌላው ያዘነብላል፤ ወንበሩ ጠፍጣፋ ከሆነ ነጂው መሪውን የሚጨብጠው ለማዞር ብቻ ሳይሆን ላለመንሸራተትም ጭምር ይሆናል። ጎንን አቅፎ የሚይዝ ነጠላ ወንበር የሚፈለገውም ስለዚህ ነው።

ሊማሊሞ በሚሠራበት ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም.፣ የቮልስዋገን ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ በጀርመን ተጣለ። በአገራችን እጅግ የተለመደችው ቮልስ ከፊት ሁለት ነጠላ ወንበሮች ቢኖሯትም ጎናቸው ዝቅ ያለ ነበር። የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተሠራች ወዲህ አሮጌዋን የሚያድሱ ሰዎች በጥንቱ አምሳያ ወይም በአቃፊ ቅርጽ የተሠራ ወንበር ይገጥማሉ።

ብዙዎች አስቀድመው የሚያዩት የልባሱን ቀለም ነው፤ መሐንዲስ ግን ወለሉን ይመረምራል። ዝገት በበላው ላሜራ ላይ የታሰረ ብሎን በግጭት ጊዜ ወንበሩን ይዞ ይነቀላል። ስለዚህ ወለሉ በብየዳ ይታደሳል፤ ከብሎኑም ሥር ጭነቱን የሚያከፋፍል ወፍራም ላሜራ ይገባል። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በመሆኑም፣ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት እንዳያስነሳ መከለያው በቦታው መመለስ አለበት። የወለቀው ወንበርም የመኪናዋ ታሪክ ነውና፣ የወለቀበት ዘመን ተጽፎበት ሊቀመጥ ይገባል።