አንኮበር የሚታወቀው በማን ምስክርነት ነው?

የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ መንግሥት ከተላከው ከካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። በ1843 ደግሞ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል አደረጉ። ንጉሡ ከባሕር ማዶ አጥብቀው የፈለጉት ጠመንጃና የእጅ ጥበብ ነበር፤ ውሎቹ ግን ብዙም ሳይሠራባቸው ተረሱ። ከዚያ ግንኙነት ዕድሜ ያገኙት መጻሕፍቱ ናቸው። ሚሲዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ የዕለት ማስታወሻቸውን በ1843 አሳተሙ። ሃሪስ በ1844 ለንደን ላይ ሦስት ቅጽ የጉዞ ታሪክ አወጣ። አብሮት የመጣው ሠዓሊ በርናትስ በ1852 የሥዕል መጽሐፉን አስከተለ። የንጉሡ መናገሻ የአንኮበር ግቢ፣ የገበያው፣ የገደሉና የዳገቱ መልክ በእነዚህ ሰዎች ብዕርና ብሩሽ ተቀርጾ ቀረ። በኋላ የመጣ ጸሐፊ እነሱን ጠቀሰ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ደግሞ ጠቃሹን ጠቀሰ። ሃሪስ በዘመኑ ያልተነቀፈ ሰው አልነበረም፤ በእነዚያው ዓመታት ሸዋን ያዩት ቻርልስ ቢክና ቻርልስ ጆንስተን የልዑኩን አድራጎት በጽሑፍ ተችተዋል። ቢሆንም የተቺዎቹ መጻሕፍት ጥቂት አንባቢ ሲያገኙ የሃሪስ መጽሐፍ በጠቃሽ ብዛት ከፊት ቆመ።

ይህን የማነሳው ዛሬ የድረ ገጽ ባለቤቶችን ሌት ተቀን የሚያስጨንቀው ጉዳይ ከዚህ ስለማይለይ ነው። አንድ ገጽ በጎግል ፍለጋ ላይ ከላይ ይምጣ ወይስ ከታች ይቅር የሚለውን ለመወሰን ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ የቀመሩት ዘዴ፣ በ1998 ፔጅራንክ በሚል ስም ለሕዝብ የቀረበው፣ መሠረቱ መጠቀስ ነው። ሐሳቡ ከምሁራን መንደር የመጣ ነው፤ ዩጂን ጋርፊልድ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሳይንስ ጽሑፎችን በተጠቀሱበት ብዛት መከታተል የሚቻልበትን መንገድ አበጅቶ ነበር። ፔጅና ብሪን የጨመሩት የጠቃሹን ክብደት ነው። ሽማግሌ ፊት የቆመ ምስክር ቃሉ የሚመዘነው በራሱ ስም ብቻ እንዳልሆነ፣ ማን እንደሚያምነውም እንደሚታይ፣ በፔጅራንክም ብዙ የተጠቀሰ ገጽ የሚሰጠው ሊንክ ማንም ከማያውቀው ገጽ ሊንክ ይበልጣል። ያም ገጽ ክብደቱን ለሚጠቅሳቸው ሁሉ ያካፍላል፤ ለመቶ ገጽ ሊንክ የሰጠ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ከዚህ ቀመር ውስጥ እውነትን የሚመዝን አንድም ነገር የለም። የሚለካው ሌሎች ለገጹ የሰጡት ትኩረት ነው። ስለዚህ የደረጃ ነጥብ ለባለ ድረ ገጹ ምን ያህል ይጠቅመዋል ተብዬ ብጠየቅ መልሴ ይህ ነው፦ ለመገኘት እጅግ ይጠቅማል፤ የሚገኘው ነገር ዋጋ እንዲኖረው ግን ነጥቡ ምንም አያደርግም። ሊንክ በመለዋወጥ ነጥብ ለማሳደግ የሚደረገው ሩጫ ሁለቱን እያምታታ ብዙ ሰው አክስሯል።

ጎግል በ2000 በአሳሽ ላይ በሚለጠፈው መሣሪያው የእያንዳንዱን ገጽ ደረጃ ከ0 እስከ 10 በቁጥር ማሳየት ሲጀምር ገበያው ደራ። ነጥቡ የሚታይ ሆነ፤ የሚታይ ነገር ደግሞ ይሸጣል። «ለእኔ ሊንክ ስጠኝ፣ ለአንተ እሰጥሃለሁ» የሚሉ ደብዳቤዎች ከአንዱ የገጽ ባለቤት ወደ ሌላው ጎረፉ። እርስ በርስ ለመጠቃቀስ ብቻ የተፈጠሩ ገጾች በሺህ ተቆጠሩ፤ ሊንክ የሚሸጡና የሚያሻሽጡ ድርጅቶችም ተቋቋሙ። ከእነዚህ አንዱ፣ ሰርች ኪንግ የተባለ የኦክላሆማ ድርጅት፣ በ2002 ደረጃው ከ8 ወደ 4 ሲወርድበት ጎግልን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2003 ክሱን ውድቅ ሲያደርግ የሰጠው ምክንያት ከጠቅላላው የሊንክ ንግድ ታሪክ የበለጠ ያስተምራል፤ ደረጃው የጎግል አስተያየት ነው፣ አስተያየትም በሕግ የተጠበቀ ነው አለ። ብዙዎች እንደ ንብረት ሲቆጥሩት የኖሩት ነጥብ የሌላ ሰው አስተያየት ሆኖ ተገኘ። በ2005 ትላልቆቹ የፍለጋ ኩባንያዎች ተስማምተው ክብደት የማያስተላልፍ የሊንክ ምልክት አወጡ። በ2011 ጄሲ ፔኒ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ መደብር በተገዙ ሊንኮች ከላይ ወጥቶ መገኘቱ በጋዜጣ ሲጋለጥ ጎግል ወደ ታች ጣለው። በ2012 ፔንግዊን የተባለው ማሻሻያ በሊንክ ማጭበርበር የቆሙ ገጾችን በጅምላ አወረደ። በ2016 ቁጥሩ ራሱ ከሕዝብ ዓይን ተሰወረ። ለዓመታት ቁጥሩን ሲያሳድዱ የኖሩ ሰዎች የሚያሳዩት ማስረጃ እንኳ አልቀረላቸውም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ምሁራንም እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ፣ የደብረ ብርሃን አንድ ትንሽ ድረ ገጽ ከአዲስ አበባው ጋር ሊንክ ቢለዋወጥ ምን ነውር አለበት፣ ደግሞስ ድሀ በምን ይታወቅ ይባላል። መለዋወጥ በራሱ ነውር የለበትም። የጎግል መመሪያም የሚከለክለው ደረጃ ለማሳደግ ተብሎ ከመጠን በላይ የሚደረገውን ነው። ልዩነቱ ሊንኩ ከተሰጠበት ምክንያት ላይ ነው። አንባቢው ጠቅ ቢያደርገው የሚፈልገውን ነገር ያገኛል? ሁለቱ ገጾች የፍለጋ ሞተር የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ይጠቃቀሱ ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ልውውጡ ሐቀኛ ነው። አይደለም ከሆነ ግን ፔጅና ብሪን ገና በመጀመሪያው ጽሑፋቸው ያዩት ችግር ነው። እርስ በርሳቸው ብቻ እየተጠቃቀሱ ወደ ውጭ የማይጠቁሙ ገጾች ክብደት እንደሚያጠራቅሙ አውቀው ለዚያ ማርከሻ ቀመሩ ውስጥ አስገብተዋል። ድሀው ድረ ገጽ የሚታወቅበት መንገድም ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር መያዝ ነው። ለዚህ ከአንኮበር የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በ1979 ጆን አሽ ከአንኮበር ገደል ያገኛትን ትንሽ ወፍ ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ በከተማዋ ስም ሰየማት። ከዚያ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ ብርቅዬ አዕዋፍ የሚጽፍ ሁሉ፣ የወፍ ተመልካቾች መመሪያም ሆነ የጥበቃ ድርጅቶች መዝገብ፣ የአንኮበርን ስም ያነሳል። ማንም ለማንም ደብዳቤ አልጻፈም፣ ማንም አልከፈለም። ወፏ ሌላ ቦታ በቀላሉ ስለማትገኝ ሁሉም ወደዚያው ይጠቁማል።

ታዲያ የአንኮበርና የደብረ ብርሃን ታሪክ በራሳችን ቋንቋ ለምን እንደ ወፏ አልተጠቀሰም? ሸዋ ጸሐፊ አጥቶ አይደለም። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ዜና መዋዕል፣ ስለ አንኮበር ዘመን ዋና ከሆኑት ምንጮች አንዱ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ፓሪስ ላይ ታተመ። በተጻፈበት በአማርኛ የታተመው በ1959 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ከሦስት ዐሥርት በላይ ዓመታት የውጭ አገር ተመራማሪ በፈረንሳይኛው ሲጠቅስ የአማርኛ አንባቢ የሚጠቅሰው መጽሐፍ በእጁ አልነበረም። በኢንተርኔትም ይኸው ተደገመ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በየራሱ ቅርጸ ፊደል ወይም በሥዕል መልክ የተለጠፈ የአማርኛ ገጽ ለሰው ዓይን ይነበብ እንጂ ለፍለጋ ሞተር ትርጉም አልነበረውም። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ዛሬም ከ15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ብዙ አላለፈም። በዚህ ሁኔታ ያለ ጽሑፍ ሊንክ መለዋወጥ ባዶ ጎተራ እያሳዩ መጎራበት ነው።

መልካም ምሳሌም አለ፤ እሱም ከዚሁ ከሸዋ ይጀምራል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ለማንሣት በተቋቋመው ፕሮጀክት ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ የሸዋ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ንብረት ናቸው። ቅጂው ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በሸንኮራ የተወለዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እዚያው ሆነው በብዙ ዓመት ድካም ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹን በካታሎግ ዘርዝረው ገለጹ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ቋሚ ቁጥር አለው። ሮም ያለ ተመራማሪና አዲስ አበባ ያለ የዶክትሬት ተማሪ አንዱን ብራና በዚያው ቁጥር ይጠቅሱታል፤ የት ቤተ ክርስቲያን እንደተነሣም ከዚያው ይገኛል። በእኔ ግምት ኢንተርኔት ሳይመጣ ከተሠሩት ሊንኮች ሁሉ ይህ ለኢትዮጵያ ታሪክ የበለጠ ጠቅሟል። ጉድለቱ ብራናዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ቢታዩም ፎቶግራፍ መሆናቸው ነው፤ በውስጣቸው የተጻፈውን የፍለጋ ሞተር አንብቦ ለፈላጊ ማምጣት አይችልም። ካታሎጉም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

አሁን ሰው የሚያነበው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው፣ ጥያቄውንም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ያቀርባል፣ የፍለጋ ደረጃና ሊንክ ያረጀ ወሬ ነው የሚሉ አሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን የቴሌግራም ጽሑፍ በሳምንቱ ከሥር ይቀበራል፤ ከዓመት በኋላ ማንም ተመራማሪ ሊጠቅሰው ቢፈልግ ለማግኘት ይቸግረዋል። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱም የሚማረው ከተጻፈና ከተገኘ ነገር ነው። ስለ ሣህለ ሥላሴ ሲጠየቅ ከፊቱ በብዛት የሚያገኘው ሃሪስንና ሃሪስን የጠቀሱትን ከሆነ የሚመልሰውም የሃሪስን አንኮበር ነው። የሃሪስ ሦስት ቅጽ ተቃኝቶ፣ ፊደሉ ተለቅሞ፣ በነጻ በኢንተርኔት ይነበባል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት የቅርስ መዝገብ፣ የአንኮበር አድባራት የብራና ዝርዝር በሥዕል ሳይሆን በሚፈለግ የአማርኛ ጽሑፍ፣ በማይለወጥ አድራሻ፣ ምንጩን እየጠቀሰ ቢወጣ የድረ ገጹ ባለቤት ሊንክ ለመለመን ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልገውም። መጀመር ያለበት ከብራናዎቹ ዝርዝር ነው፤ የማይክሮፊልሙ ቁጥር አጠገቡ ከተጻፈለት እያንዳንዱ መስመር ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ሚኒሶታ ካለው ቅጂ ጋር የተገናኘ ይሆናል።